ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ

(በወሩ የእሑድ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)

ዛሬ ፈቃድ ተከልክለው ያልመጡት እህቶቻችን በመጽሔታችን ያነቡታል ስለተባልኩ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ የምትጽፈው ልጅ እንድትደርስብኝ።

ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ደሞዜ ጉዳይ እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ። ግን የደሞዜ ነገር ከዚህች ጠረጴዛ ላይ ካለችው ዕቃ ጋር ተጣብቋል፤ ከእሷ ካልጀመርኩ አይገባችሁም። ጨርቁን ላንሳው። እዩዋት፣ አትንኩዋት። ኋላ ትነካላችሁ።

አዎ፣ መኪና ናት። አይ፣ ከሱቅ አልተገዛችም። እኔና ጅዶ ነን የሠራናት፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አራት ዓመት ፈጅታለች።

ጅዶ የምላቸው የማዳም አባት ናቸው። እዚህ አያት ጅዶ እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲጠሯቸው ሰምቼ እኔም ጅዶ አልኳቸው፤ አልተቆጡም። የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ የተማሩት ጣሊያን አገር ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የድሮ የውድድር መኪኖችን እያሳነሱ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ሳሎን ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን፣ በውስጡ 31 መኪና። ሥራ በጀመርኩ ቀን ማዳም የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገር «ያንን ሣጥን በሳምንት አንዴ ታጸጃለሽ፣ አንዱ ቢሰበር ከደሞዝሽ ነው» የሚል ነው። ከዚያ በፊት የነበርኩበት ቤት አንድ ሳህን 10 ዶላር ነበር። ስለዚህ ያ ሣጥን ለእኔ የዕዳ ሣጥን ነበር እንጂ የጌጥ አልነበረም።

ደግሞ የፈሩት ይደርሳል። በሁለተኛው ወር የአንዷን መኪና ማርሚታ በላባው መጥረጊያ ጎትቼ ሰበርኩት። የክብሪት እንጨት የምታህል ቱቦ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዣት ዞርኩ፤ ማታ ማታ እያወጣሁ አያታለሁ። በአራተኛው ቀን ጅዶ ወደ ሥራ ክፍላቸው ጠሩኝ። ማዳም ገበያ ወጥታ ነበር። አውቀዋል። ምንም ሳይሉ ወረንጦ ዘረጉልኝ። ሲዘረጉት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ቡና ሲጠጡ አይቼ ነበር፣ ግን ይሄን ያህል አልመሰለኝም። «የሰበርሽውን አንቺው ትጠግኛለሽ። እኔ ከእንግዲህ አልችልም» አሉኝ።

ጠገንኩት። የመርፌ ጫፍ የምታክል ማጣበቂያ፣ ትንፋሽ ይዞ መጠበቅ፣ በቃ።

በነጋታው ያቺን መኪና ከመጽሐፍ ሊያሳዩኝ አንድ የጣሊያን መጽሐፍ ገለጡ። በጣታቸው እየጠቆሙ ስሙን ያነባሉ፤ እንደ ልማዳቸው ለራሳቸው ነው የሚያነቡት። «ኮፋኖ» አሉ። ኮፈን! አልኩ እኔ። ቀና ብለው አዩኝ። «ቼርኪዮ» አሉ። ቸርኬ! «ባሌስትራ» አሉ። እሱማ ያው ባሌስትራ ነው። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ላሜራ እያልኩ ወንድሜ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጠራውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ጅዶ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ጣሊያን ቋንቋ የተማርኩ መሰላቸው። አይ፣ አገራችንን ወርረው የነበሩ ሰዎች ከመኪናቸው ጋር ቃሉን ትተውልን ሄዱ፤ ጋራዡ እስከ ዛሬ በእሱ ይግባባል አልኳቸው። በዚህ ቤት ውስጥ እኔ የማውቀው፣ ማዳም ግን የማታውቀው ነገር ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ፣ ማዳም ስትተኛ፣ አንድ ሰዓት ከእሳቸው ጋር እሠራለሁ። በ2018 ክረምት ላይ ይቺን ጀመርን።

አሁን ስለ እሷ ልንገራችሁ። ቡጋቲ ትባላለች፣ ዓይነቷ 35። ኤቶሬ ቡጋቲ ሚላን ውስጥ በ1881 የተወለደ ሰው ነው፤ ፋብሪካው ግን አልሳስ ውስጥ ሞልሻይም በምትባል ከተማ ነበር። ዓይነት 35 መጀመሪያ ለውድድር የወጣችው ኦገስት 3 ቀን 1924 ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ላይ ነው። ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ሁለት ሊትር ሞተር አላት። የዚያን ቀን ታዲያ አላሸነፈችም። ጎማዋ እየተላጠ አስቸገራት፤ ያሸነፈው ካምፓሪ የሚባል ጣሊያናዊ በአልፋ ሮሜዮ ነው። ኋላ ግን ሲሲሊ ደሴት ላይ ታርጋ ፍሎሪዮ የሚባለውን የተራራ ውድድር ቡጋቲዎች ከ1925 እስከ 1929 አምስት ዓመት በተከታታይ ወሰዱት። ሰማያዊ የሆነችው የፈረንሳይ መኪና ስለሆነች ነው። ያኔ ቀለሙ የአገር ነበር፤ ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ።

አንድ ቀን «ይሄን ነገር የነዳች ሴት ኖራለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለነገሩ ለመቀለድ ነው። ጅዶ ግን ሥራውን አቁመው ስለ ኤሊሽካ ዩንኮቫ ነገሩኝ። የቼክ ሴት ናት። በ1928 ታርጋ ፍሎሪዮ ላይ ቡጋቲ ነዳች። አንዱ ዙር 108 ኪሎሜትር ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ገደል፣ አቧራ። እሷ ከውድድሩ በፊት መንገዱን በእግሯ እየሄደች አጥንታዋለች፤ የቱ ጋ ድንጋይ አለ፣ የቱ ጋ መታጠፊያው ያታልላል እያለች። በሁለተኛው ዙር ሁሉንም ወንዶች ቀድማ ነበር። መጨረሻ ላይ አምስተኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ባሏ ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ ላይ በውድድር ሞተ፤ ከዚያ ወዲያ እሷም ውድድር ተወች። እኔን የያዘኝ በእግሯ መሄዷ ነው። ሌሎቹ ጉልበት ይዘው መጡ፣ እሷ መንገዱን ይዛ መጣች።

ወደ ሥራው ልመለስ። የሠራናት በ1 ለ24 ነው፤ እውነተኛዋ 24 ብትሆን የእኛዋ 1 ናት ማለት ነው። እውነተኛዋ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40 ናት። ለ24 ሲካፈል ልክ 10 ሳንቲሜትር። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ 1 ሜትር ከ20፤ የእኛዋ 5 ሳንቲሜትር። ቀላል ይመስላል አይደል? ስሕተትሽ ግን በ24 ይባዛል። ሦስት ሚሊሜትር ካጠፋሽ እውነተኛዋ ላይ ሰባት ሳንቲሜትር አጠፋሽ። ቀለሙ ሩብ ሚሊሜትር ከወፈረብሽ እውነተኛዋን ስድስት ሚሊሜትር ስቱኮ እንደለጠፍሽባት ነው፤ የሠርግ ኬክ ትመስላለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ማካፈልን እንደገና የተማርኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቸርኬዎቿን እዩልኝ። ሌሎቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ሽቦ ሽቦ ነበር ቸርኬያቸው፤ ይቺ ግን ከአሉሚኒየም የፈሰሰ፣ ስምንት ሰፋፊ ክንድ ያለው፣ የፍሬኑ ከበሮ አብሮት የተሠራ ነው። ጅዶ እነዚህን የሠሩት ልክ እንደ ወርቅ ጥርስ ነው። መጀመሪያ አንዱን ቸርኬ ከሰም ቀረጽኩ፤ እሳቸው በማጉያ መነጽር እያዩ «እዚህ ቀንሺ፣ እዚህ ተይው» ይሉኛል። ከዚያ የጥርስ ልክ በሚወስዱበት ሊጥ ቅርጹን ያዝነውና አራት የሰም ቸርኬ አወጣንበት። ሰሙን በጄሶ ቀብረን ምድጃ ውስጥ ስናስገባው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ቦታ ይቀራል። እዚያ ባዶ ውስጥ የቀለጠ ብርማ ብረት ይገባል። ጄሶውን ስትሰብሪ ቸርኬ ታገኛለሽ። ወይም አታገኚም። በመጀመሪያው ጊዜ ከአራቱ ሁለቱ አንድ አንድ ክንድ ጎድሏቸው ወጡ፤ ብረቱ ሳይደርስ ቀዝቅዞ። እንደገና ሰም፣ እንደገና ጄሶ። የአገራችን መስቀል ሠሪዎችም በሰም እየቀረጹ በዚሁ መንገድ እንደሚያፈሱ ያወቅኩት ኋላ ነው። ጅዶ ግን ቀድመው ያውቁ ነበር፤ አፈርኩ።

ኮፈኑና ገላዋ ከአሉሚኒየም ላሜራ ነው። ላሜራው ደረቅ ስለሆነ ስታጥፊው ይሰነጠቃል፤ ማለስለስ አለብሽ። እሳት ላይ ስታደርጊው ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅሽም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት እንደ ቅቤ ይፈሳል። ታዲያ ዘዴው ምን መሰላችሁ? ሳሙና! የልብስ ሳሙና ትቀቢዋለሽ፤ ከሥር እሳት ታስጠጊያለሽ፤ ሳሙናው ሲጠቁር ወዲያው ታነሺዋለሽ። በቃ ለስልሷል። ዕድሜ ልኬን ሳሙና ይዤ ኖሬ ይሄን ለማወቅ ቤይሩት መምጣት ነበረብኝ።

ኮፈኑ ጎን ላይ እነዚህ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ሞተሩ የሚተነፍስባቸው ናቸው። አንድ በአንድ በደነዘዘ ብረት ከውስጥ እየተጫኑ ነው የሚወጡት። አንዱ ከመስመር ከወጣ ሙሉው ላሜራ ይጣላል። እዚህ ላይ ነው የእናቴ ስፌት የጠቀመኝ። ሌማት የሰፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ወስፌ ከሳትሽ ወዲያው አይታይም፣ አበባው ዞሮ ሲገጥም ነው የሚያጋልጥሽ። እናቴ ቆጥራ አትሰፋም፤ ለእጇ ነው የምትተወው። እኔም በማስመሪያ ስሠራ ሦስት ላሜራ አበላሸሁ። በአራተኛው ማስመሪያውን ትቼ እንደ ስፌት እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ወጣ። ጅዶ ዝም ብለው በማጉያው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ «ቡና እንጠጣ» አሉ። ከእሳቸው አፍ ያ ትልቅ ነገር ነው።

የፊት አክስሉን አሳያችሁና እተዋለሁ፤ ይህ የቡጋቲ ፊርማ ነው። ሌላ መኪና ባሌስትራውን ከአክስሉ ሥር ወይም ላይ ያስራል። የዚህች ባሌስትራ በአክስሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ በዚያኛው በኩል ይወጣል። ሁለት ሚሊሜትር በሚወፍር ዘንግ ውስጥ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ማለት ነው። አምስት ሰበርኩ። ስድስተኛው ይኸውላችሁ። ዳዶዎቹ ላይ የታሰረችው ጭራ የምታህል ሽቦ ደግሞ እውነተኛዋም ላይ አለች፤ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ብሎኑ እንዳይፈታ። የእኛዋ ከተበላሸ የስልክ ቻርጀር ገመድ የወጣች ናት። የኮፈኑ ጠፍር ከማዳም አሮጌ ቦርሳ ነው፤ ማዳም እስከ ዛሬ አታውቅም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ።

በ2019 መጨረሻ የሆነውን ሁላችሁም ኖራችሁበታል። ዶላር 1500 ሊራ የነበረው ወደ ላይ ወጣ፣ ባንኮች የሰውን ገንዘብ ያዙ። ማዳም መጀመሪያ በሊራ ሰጠችኝ፤ ቀጥሎ ግማሽ፤ ቀጥሎ «በሚቀጥለው ወር»። የእሷም ገንዘብ ባንክ ተይዞባት ነበር፤ እውነት ነው፣ ልዋሽባት አልፈልግም። ፀጉር ቤት ግን አላቋረጠችም። እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ደብተር መያዝ ነው። ያንን ደብተር የገዛሁት የመኪናዋን ልኬት ልጽፍበት ነበር፤ በፊት በኩል ሚሊሜትር፣ ከኋላ ገልብጬ ያልተከፈለኝን ወር። ቀን፣ የተሰጠኝ፣ የቀረኝ።

ከዚያ ኦገስት 4፣ 2020። ከቀኑ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ቤታችን አሽራፊዬ ነው፣ ከወደቡ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ድምፅ ሰማን። ጅዶ ከመስኮቱ ርቀው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ኮሪደር ላይ። ሁለተኛው ሲመጣ በሩ ከነመቃኑ ወደ እኔ ሄደ። ስነሳ ሁሉም ነጭ ነበር፤ አቧራው። ጅዶን ተሸክሜ ደረጃውን አወረድኳቸው፤ ጫማ አልነበረኝም። ሌላውን አልናገርም። እዚህ ካላችሁት ውስጥ የዚያን ቀን እህት ያጣችሁ አላችሁ።

ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሰን ስንገባ ቁም ሣጥኑ በፊቱ ተደፍቷል። 31ዱ መኪና ከመስታወቱ ጋር ተፈጭቷል። የ40 ዓመት ሥራ ነው። ጅዶ በመጥረጊያ አትጥረጊው አሉኝ፤ እኔም በእጄ ለቀምኩት። የቡጋቲዋ ዕቃ ግን አለቀም። ቸርኬዎቹን፣ አክስሉን፣ ኮፈኑን በጥጥ ጠቅልዬ በኒዶ ጣሳ አድርጌ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ ምክንያቱም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ከተቀመጠ የልጅ ልጆቹ ይጫወቱበታል። ጣሳው ጎኑ እንኳ አልተጣመመም። ጅዶ ክዳኑን ከፍተው አንድ ቸርኬ አወጡና በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

ጨረስናት፤ በ2022። ቀለሙን ሰባት ጊዜ በስሱ እየረጨሁ፣ በየመሃሉ ውሃ በነካው ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግኩ። ያኔ ጅዶ ወረንጦ መያዝ ቀርቶ ማንኪያም አይዙም ነበር፤ በዓይናቸው ብቻ ነው የሠሩት። ስትጠናቀቅ ማዳም ባለችበት «መኪናዋ የእሷ ናት» አሉ።

ማዳም ደስ አላት። ለምን ደስ እንዳላት የገባኝ ማታ ነው። ኩሽና መጥታ «ይቺን መኪና ሰብሳቢዎች በ1500 ዶላር ይገዙሻል፤ እንግዲህ ሒሳባችን አልቋል ማለት ነው» አለችኝ። የቀረብኝ 11 ወር ነበር፤ በ200 ሲባዛ 2200 ዶላር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልል ነበር። መኪናዋን እወዳታለሁ፤ ገንዘቡ ደግሞ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። አንድ ሳምንት ስጪኝ አልኳትና እሑድ እዚህ መጥቼ ነገርኳችሁ። ከመሃላችሁ አንዷ፣ አሁን አገሯ ገብታለች፣ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ «ሰብሳቢው ጋ ይዘሻት ስትሄጂ ምን ይልሻል?» ዝም አልኩ። ስንት ትሸጫለሽ አይለኝም። ከየት አመጣሽው ነው የሚለኝ። ቀጥሎ ስልክ ያነሳል። በእኔ እጅ ስትሆን ያቺ መኪና 1500 ዶላር አይደለችም፤ የሌብነት ክስ ናት። ኤርፖርት ላይም ሻንጣ ሲከፈት እንደዚያው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የጠየቅኩት፣ ሁለቱንም በተለያየ ወረቀት። አንደኛው ከጅዶ፤ መኪናዋን በፈቃዳቸው እንደሰጡኝ፣ አብረን እንደሠራናት፣ ርዝመቷና ቀለሟ ተጽፎ፣ ከእሳቸው ጋር የተነሳሁት ፎቶ ተያይዞ፣ ጎረቤት ምስክር ሆኖ ፈርሞበት። በአረብኛ ነው፤ ማንበብ የምትችል እህታችን ቃል በቃል አንብባልኝ ነው የተቀበልኩት። ጅዶ ፊርማቸው ስለማይሠራ በጣታቸው አተሙ። ሁለተኛው ከማዳም፤ 11 ወር፣ 2200 ዶላር፣ በየወሩ የሚከፈል። ማዳም ጮኸች፣ «አባቴ ስጦታ ሰጥቶሽ ደግሞ ገንዘብ?» አለች። እኔም መኪናውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ዕዳው ግን ያንቺ ነው አልኳት። ያንን ለማለት ሌሊቱን ሙሉ አረብኛዬን ስለማመድ ነው ያደርኩት። ከዚያ ደብተሩን ከኋላ በኩል ገለጥኩት። ገጹን ስታገላብጥ ከፊት በኩል ያለው የቸርኬና የባሌስትራ ልኬት ሁሉ አብሮ ታያት፤ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ብቻ ተቀመጠች።

ሰባቱን ወር ከፍላለች። አራቱ ይቀራል፣ 800 ዶላር። ጅዶ ባለፈው ክረምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ እንድገኝ አልተጠራሁም፤ እኔ ግን ሄጃለሁ፣ ከኋላ ቆሜ። ማዳም መልቀቂያዬን ፈርማልኝ አሁን ሌላ ቤት ነኝ። በየወሩ መጀመሪያ አንድ መልእክት እልክላታለሁ፤ ቁጥሩን ብቻ፣ 800። አንዳንዴ ታነበዋለች።

የሁለቱም ወረቀት ቅጂ አንዱ እዚህ ማኅበራችን ዘንድ ነው፣ አንዱን በፎቶ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። ወንድሜ ወረቀቱን ትቶ ስለ መኪናዋ ነው የጠየቀኝ። ልጅ ሆነን እሱ ከሽቦ መኪና ሲሠራ እኔ ለጎማ የሚሆን ቆርኪ ከየመጠጥ ቤቱ በር እለቅምለት ነበር። «ባሌስትራው ይሠራል?» አለኝ። ይሠራል፤ በጣት ጫን ስትሉት ዝቅ ብሎ ይመለሳል።

አሁን ንግግሬን አቁሜ ጥግ ላይ ካለው መብራት ሥር እቀመጣለሁ። መንካት የምትፈልጉ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ኑ፤ ዛሬ ፀጉሯን ቅባት የተቀባች ደግሞ ሁለት ጊዜ ትታጠብ። ከቸርኬው ያዙ፣ ከኮፈኑ አይደለም። የፊት መስታወቷን ማንም አይንካ፣ ገና እንደገና አጣብቄው ነው።